የማርቆስ መስፍ

ጥሩንባው ድልድዩን የተሻገረው በስህተት ነበር።

ሰኔ ገና መግባቱ ነው። የሌሊቱ ዝናብ አባርቶ ወረታ በጭጋግ እንደ ተሸፈነች፣ እናኑ ከደጃፋቸው ቁጢጥ ብላ እናቷ የሠራቻቸውን ገንቦዎች ሳይደርቁ በድንጋይ ታለሰልስ ነበር። ጥሩንባ ጮኸ። ድምፁ ከሩቅ ቢመጣ ኖሮ ቀናም አትል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከድልድዩ ማዶ ሲጮኽ ትሰማዋለች። የዛሬው ግን እዚሁ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር መሐል ነው። ውሾቹ አበዱ። ጎረቤታቸው ሸማኔው ጀላል ቆቡን ሳያደርግ ወጣ። እናቷ ታይቱ ጭቃ በለወሰ እጇ ደረቷን ይዛ፣ «ምን መጣብን?» አለች።

ጥሩንባ ነፊው ረዥም፣ ቀጭን ወጣት ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል። የቆርቆሮውን ጥሩንባ ከአፉ አውርዶ፣ «የእድር ሰዎች! አቶ ተክለ ማርያም ዐርፈዋል! ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው! ድንኳን ተካዮች ፍጠኑ!» ብሎ ተጣራ።

ሰዉ ካለበት ሆኖ አየው። እሱም ሰዉን አየ።

«ወንድም፣ ተሳስተሃል» አለች እናኑ። «ጥሩንባ እዚህ አይገባም።»

«እንዴት አይገባም? ሰው አይኖርም?»

«ሰውማ ይኖራል። እድርተኛ የለም።»

ልጁ ግራ ቀኙን ተመለከተ። ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር ነው፤ ቤት ከቤት ተደግፎ የቆመበት። «ይህ ሁሉ ቤት? አንድም?»

«አንድም። የፊተኛው ጥሩንባ ነፊ ከድልድዩ ነበር የሚመለስ። አልነገሩህም?»

«አልነገሩኝም።»

«እኔ ነገርሁህ። ይልቅ ሩጥ፣ ሰውየው ድንኳን ሳይተከልላቸው እንዳይቀሩ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የተሰደበ ሰው መስሎ ቆመ፤ ተሰድበው የኖሩት ግን እሱን የሚያዩት ነበሩ። እናኑ ልጁን ያን ጊዜ ልብ አለችው። ፊቱ ላይ ያየችው ንዴት በራሷ ደረት ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠው ዓይነት ነበር፤ እሷ ግን ለምዳዋለች።

ዘሩ ይባላል። የእድሩ ዳኛና የሩዝ ወፍጮ ባለቤት የካሴ ልጅ ነው። አንበሳሜ ከተማ አያቱ ዘንድ አድጎ አባቱን ሊያግዝ ወደ ወረታ የመጣው በዚያው ሰሞን ነበር፤ የቀድሞው ጥሩንባ ነፊ ትንፋሽ ሲያጥረው አባቱ ለሱ ሰጠው። ድልድዩ ወሰን መሆኑን ያልነገሩት ተንኮል አስበው አልነበረም። ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑ ለማንም ስላልታየው ነው።

ካሴን ክፉ ሰው ነው ለማለት አይቻልም። ከእድሩ ገንዘብ ለራሱ ነክቶ አያውቅም። ሐዘንተኛ ቤት ቀድሞ ገብቶ የሚወጣው ከሁሉ ኋላ ነው። ግን በእድሩ ድግስ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን የሠራችው ታይቱ ነበረች። ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ዶማ የቀጠቀጠው የእናኑ አባት ማርቆስ ነበር። ለቀስተኛው የሚለብሰው ጋቢ ከጀላል የሽመና ጉድጓድ የወጣ ነው። ጋኑ ድልድዩን ይሻገራል፣ ዶማው ይሻገራል፣ ጋቢው ይሻገራል፤ የሠሩት ሰዎች ሲመጡ «ቦታ ሞልቷል» ይባላል። ከወፍጮው አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ተሸካሚ ሲመጣ ደግሞ «ነገ ትሄዳለህ» ይሉታል። ከድልድዩ ማዶ ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘር በሹክሹክታ የሚባለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም። ሹክሹክታው ይበቃ ነበር።

በሳምንቱ ዘሩ ገንቦ ልግዛ ብሎ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ገንቦ ፈለገ።

«የፊተኛውን ምን አደረግኸው?» አለች እናኑ።

«እናቴ ሰበረችው። እጇ ይንሸራተታል።»

«የፊት የፊተኛውንስ?»

«እሱ... እሱ ራሱ ወደቀ።»

«ቆሞ ሳለ?»

«ነፋስ ነበር።»

ታይቱ ከጓዳ ሆና፣ «ይህ ልጅ ጠላ ቤት ሊከፍት ነው መሰል» አለች።

ማርቆስ ከወናፉ አጠገብ ሆኖ፣ «ወይ ልጅሽን ሊወስድ ነው» ብሎ መለሰላት። እናኑ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዘሩ ሁለቱንም እንዳልሰማ ሰው ገንቦውን ያገላብጥ ጀመር፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

አንድ ቀን ጥሩንባውን ይዞ መጣ። አንገቱ ተሰንጥቆ ድምፁ ይተነፍሳል። ማርቆስ ተቀበለውና እያገላበጠ ፈገግ አለ። «ይህ የኔ ወዳጅ ነው። ይህን አንገት ስንት ጊዜ ጠገንሁት።»

«እርስዎ ነዎት የሚጠግኑት?»

«ታዲያ ማን ይጠግነዋል? እናኑ፣ ወናፉን ያዥ።»

እናኑ ወናፉን እየረገጠች ፍሙን ታያለች። ዘሩ እሷን ያያል። ቀና ስትል ዓይኑን ከላይዋ ያነሣል፣ ስታቀረቅር ይመልሳል። ማርቆስ ሁሉን እያየ ያላየ ይመስላል። ስንጥቁን ደፍኖ ከብረት መስፉ ላይ ቀስ እያለ ቀጠቀጠውና ለልጁ ዘረጋለት።

«ደህና አድርጌ ነው የጠገንሁልህ። ምናልባት እኔ ስሞት ስህተትህን ትደግመው እንደሆነ፣ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ» ብሎ ሳቀ።

ዘሩ ሳቁን አልተቀበለውም። «ያን ቀን በስህተት አይደለም የምነፋው፣ ጋሽ ማርቆስ። እያወቅሁ ነው። ድልድዩ ላይም አልቆምም።»

የእናኑ እግር ከወናፉ ላይ ቆመ። እሳቱ ደብዘዝ አለ።

«ርገጭ እንጂ» አላት አባቷ በለሆሳስ። «ምን ያስደነግጥሻል? ስለ ሞቴ ነው የሚያወራው።»

ከዚያ ወዲህ ሸክላ አፈር ልታመጣ ወደ ቁሐር ሚካኤል በኩል ስትወርድ፣ ዘሩ ከወፍጮው ጭነት ሰበብ እየፈለገ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ከግራም ከቀኝም የሩዝ ማሳ ውሃ እንደ ጠጣ ተዘርግቷል። ስትመለስ የአፈሩን ከረጢት ከጀርባዋ ይቀበላታል።

«ሰው ያይሃል» ትለዋለች።

«ይየኝ።»

«ምን ይልሃል?»

«ከባድ አፈር ተሸከመ ይለኛል።»

እንዲህ ሲላት ትስቃለች።  ልቧ ግን የያዘው ከሁሉም በላይ ያንን አንድ ቃል ነው፦ ድልድዩ ላይም አልቆምም።

የዚያ ዓመት ሐምሌ ከፋ። ሜዳው ሞልቶ ውሃው ወደ ከተማው ሽቅብ መጣ። የእድሩ ሰዎች ዋናውን መንገድና ሱቆቻቸውን ለማዳን ተሰባስበው ቦይ ቆፈሩ። ያስመሰግናል። ቦዩ የሚፈስበትን ግን ማንም አልጠየቀም፤ ድልድዩ ሥር አልፎ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ገባ። ለመተኮስ የተደረደረው ሸክላ ወደ ጭቃነቱ ተመለሰ። የጀላል የሽመና ጉድጓድ ኩሬ ሆነ። ማርቆስ ከጎረቤቶቹ ጋር እስከ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሲከትር ሰነበተ። ሳል ጀመረው። ሳሉ ወደ ደረቱ ወረደ። ጤና ጣቢያ ወስደውት መድኃኒት ተሰጠው፤ ግን አልተሻለውም፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ጧት፣ የእናኑን እጅ እንደ ያዘ ዐረፈ።

እናኑ እንባዋን ዋጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ድልድዩን ተሻገረች። ከካሴ ደጅ ቆመች። ግቢ ያላት አልነበረም።

«ጋሽ ካሴ፣ አባቴ ዐርፏል።»

«ነፍሱን ይማረው» አለ ካሴ። ከልቡ ነበር። «ብርቱ ሠራተኛ ነበር።»

«ቃሬዛና ድንኳን እንድትሰጡን፣ ጥሩንባውም እንዲነፋ ልለምን ነው የመጣሁት።»

«ልጄ፣ እድር ደንብ አለው። አባል ላልሆነ ሰው...»

«አባል ልሁን እያለ ዕድሜውን ሙሉ ለምኗችኋል።»

«እሱ የጉባኤው ነው። እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቃሬዛውን በጓሮ በር አወጣላችኋለሁ። ጥሩንባው ግን አይሆንም። ጥሩንባ ከተነፋ ሕዝቡ ይወጣል፤ ከወጣ አብሮ ይቀመጣል። ሰዉ ደግሞ ከእናንተ ጋር አይቀመጥም። እኔ አይደለሁም እንዲህ የምል። ሰዉ ነው።»

«ሰዉ ማነው?»

ካሴ ፊቱን አዞረ። ዘሩ ከመቃኑ አጠገብ ቆሟል። ጥሩንባው ከራሱ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አባቷ የጠገነው አንገት ከሌላው ቆርቆሮ ተለይቶ ያበራል። እናኑ ዘሩን አየችው። እሱ ጥሩንባውን አየ። ከዚያ አባቱን። ከዚያ የገዛ እግሮቹን።

ጠበቀችው። ሰው አንድ ቃል ለመናገር የሚበቃውን ያህል፣ ከዚያም በላይ ጠበቀችው።

«በጓሮ በር በወጣ ቃሬዛ አባቴ አይሄድም» አለችና ተመለሰች።

ቤቷ ስትደርስ እናቷን ማየት አልቻለችም። ወደ አባቷ መሥሪያ ገባች። መዶሻውን አነሣችና መስፉን መታችው። ማንንም ለመጥራት አስባ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ደገመችው። ብረት በብረት ላይ አቃጨለ። እጇ እስኪዝል መታችው። ሲያቅታት ጀላል መዶሻውን ከእጇ ተቀበለና ቀጠለ።

እሑድ ነበር። ማርቆስ እሑድ መስፉን ነክቶ አያውቅም። ስለዚህ ድምፁን የሰማ ሁሉ ደነገጠ። ዶማውን ያስጠገነ ገበሬ፣ ለባጃጁ ብረት ያስቀጠቀጠ ሾፌር፣ ወፍጮው አካባቢ የተከራዩ ተሸካሚዎች፣ ሱቋን ክፍት ትታ የመጣችው ቱርኪያ፣ ሁሉም «ማርቆስ ምን ሆነ?» እያሉ መጡ። ያን ቀን ጥሩንባ ሳይነፋ ሰፈሩ ሞላ።

ተሸካሚዎቹ ከሁለት አጣናና ከገመድ ቃሬዛ ሠሩ። ጀላል ለገበያ ያዘጋጀውን ጋቢ ከላዩ አለበሰው። እሱና ሌሎቹ ሙስሊም ጎረቤቶች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸከሙት፤ ከበሩ ወዲያ ክርስቲያኖቹ ተቀበሏቸው። መቃብሩን ከሚቆፍሩት መካከል ዘሩ ነበረ። ማንም አልጠራውም። አቀርቅሮ ይቆፍራል፤ ላቡና እንባው አይለይም።

ቀብሩ ሲያልቅ ወደ እናኑ ቀረበ።

«ዶማ ይዘህ መጣህ» አለችው። «ጥሩንባውስ?»

«እናኑ...»

«ዶማ እንደሆነ አባቴም ነበረው።»

ጥላው ሄደች።

በሠልስቱ ተሸካሚዎቹ ባዶ የሩዝ ማዳበሪያ ሰብስበው አመጡ፣ ሸማኔዎቹ ሰፉት፤ ድንኳን ሆነ። ነጭና ቢጫ፣ የሆነ ቦታ የፋብሪካ ጽሑፍ ያለበት አስቂኝ ድንኳን ነው፤ ዝናብ ግን አያስገባም። ከሥሩ ተቀምጠው ቱርኪያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«መቅበሩንስ ቀበርን። ማርቆስን የገደለው ግን ጎርፉ ነው። ለሞት ከተሰበሰብን ለቁም ነገር ለምን አንሰበሰብም? ሲያመን፣ ውሃ ሲገባብን፣ አከራይ ውጡ ሲለን?»

«እድር እናቋቁም ነው የምትይ?» አለ ጀላል።

«ስሙን እንደፈለግህ በለው። መስፉ ሲመታ የሚወጣ ሁሉ አባል ነው።»

እንዲህ ተጀመረ። ሥራህ ምንድን ነው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ቤቱ ያንተ ነው ወይስ የኪራይ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። በድንኳኑ ሥጋ እንዳይገባ ተስማሙ፤ ሩዝና ምስር ቀርቦ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ታይቱ ታማ በተኛች ጊዜ ተራ ገብተው አስታመሟት። አንዲት ተከራይ ልጇን ይዛ ልትባረር ስትል መስፉ ተመታ፤ አከራዩ ግቢው በሰው ሲሞላ አይቶ ቃሉን ለወጠ።

ዘሩ ጥሩንባውን ለአባቱ መልሶ ከቤት ወጣ። በሌላ ሰው ወፍጮ ከረጢት እየተሸከመ ከቱርኪያ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራየ። መስፉ ሲመታ ይወጣል፣ ይሠራል፣ ምግብ ሲቀርብ ይሄዳል። እንደ ሌላው ሳይጠየቅ መግባት አልፈለገም፤ በመጨረሻ አባል ልሁን ብሎ ጉባኤው ፊት ቆመ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ጀላል። ሁሉም ወደ እናኑ ዞረ።

«እኔ አለኝ» አለች ተነሥታ።  «ያን እሑድ ጥሩንባው ከራስህ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ለምን ዝም አልህ?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«አባቴን። ከሱ ቀጥሎ ሰዉን።» ቀና ብሎ አያት። «ሰዉ ማነው ብለሽ ስትጠይቂ መልሱን አውቀው ነበር፣ እናኑ። እኔ ነበርሁ።»

ማዳበሪያው በነፋስ ተርገበገበ። እናኑ ሰበብ ጠብቃ ነበር፤ ለሰበብ የሚሆን መልስ ነበራት። ለዚህ አልነበራትም። ተቀመጠች።

«ይግባ» አለች ቱርኪያ። «ግን ጥሩንባ የሚባል ነገር እንዳይሰጡት። አካፋ ስጡት።»

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው። እናኑም ሳቀች፤ ሳቋ ከእንባ ጋር ነበር የመጣው።

ኅዳር ሲገባ ሩዝ ከሜዳው ወደ ወፍጮዎቹ ይጎርፍ ጀመር። የእናኑ ሰፈር ሰዎች ቦዩን አዙረው ወደ ሜዳው ለማፍሰስ ተነሡ። አዲሱ መስመር በካሴ ወፍጮ አጥር ሥር ማለፍ ነበረበት። ካሴ አይሆንም አለ። ጭነት የሚያወርዱት ተሸካሚዎች ግን አባላት ነበሩ። ከረጢቱን መሬት አስቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ። መኪኖቹ እስከ ደብረ ታቦር መገንጠያ ተሰለፉ።

ካሴ ወጥቶ አየ። ከዚያ እርቅ አቀረበ። «እሺ፣ ወደ ትልቁ እድር ግቡ። ጥሩንባም ይነፋላችኋል። ለእናንተ የተለየ ድንኳን እናሠራለን።»

«የተለየ?» አለች እናኑ። አካፋዋን እንደ ያዘች ከፊቱ ቆመች። «ጋሽ ካሴ፣ አባቴ የለመናችሁ ድንኳን አጥቶ መሰለዎት? አብሮ መቀመጥ ነው የለመናችሁ። አሁን አንለምንም። መንገዱን ብቻ ይልቀቁልን።»

ካሴ ከሷ ኋላ የቆመውን ሕዝብ አየ፤ ልጁም ከመካከላቸው ነበር። ከዚያ የቆሙትን መኪኖች አየ። ለቀቀ።

ቦዩ ያለቀ ዕለት ዘሩና እናኑ ከዳሩ ተቀመጡ። ውሃው የሰው ቤት ሳይነካ ወደ ሜዳው ይወርዳል።

«አሁንም ተቆጥተሻል?» አላት።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«ቁጣዬ ላንተ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ቶሎ አያልቅም። ከሱ ጋር መኖር ትችላለህ?»

«ከነቁጣሽ ነው የምፈልግሽ።»

 እናኑ ጭቃ የነካ እጇን ጭቃ በነካ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

ሽማግሌ የሚልክ የልጁ አባት ነው። ካሴ ግን «ዘሬን አላበላሽም» አለ፤ ይኸው ቃል መጨረሻ ላይ ከሹክሹክታ ወጣ። ስለዚህ ሰፈሩ ላከ። ጀላል ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ ሁለት ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ በየቀኑ የሚገባበትን የታይቱን ቤት እንደ እንግዳ ከደጅ ቆሞ አንኳኳ።

«ማን ልኳችሁ ነው?» አለች ታይቱ፣ ሳቋን አፍና።

«መስፉ።»

«መስፉ ልጄን ለማን ይጠይቃል?»

«ገንቦ ለሚሰብር አንድ ልጅ።»

«እንግዲህ ገንቦ አያልቅብኝም፣ ይውሰዳት።»

ሠርጉ በጥር ሆነ። መስፉ ለሞትና ለመከራ ብቻ መመታቱ እናኑን ከንክኗት ስለነበር፣ ለደስታም ይመታ ብላ ጉባኤውን አሳምናለች። ጀላል ፈጠን ፈጠን አድርጎ መታው፤ ልጃገረዶቹ ተከትለው አጨበጨቡ።

ጭፈራው ሲሞቅ አንዲት ሴት ድልድዩን ስትሻገር ታየች። አምሳል ናት፣ የዘሩ እናት። ገንቦ ብርዝ አዝላለች። እናኑ ገንቦውን ከሩቅ ለየችው፤ ራሷ ያለሰለሰችው ነው። አልተሰበረም ነበር።

«ገንቦዎቹ ሁሉም ቤቴ ናቸው» አለች አምሳል ወደ ልጇ እያየች። «ይህ ውሸታም በኔ እጅ አሳብቦ...» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «መስፉ ሲመታ ካሴ ደነገጠ። ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልሞተም፣ ልጅህ እያገባ ነው አልሁት። ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ወጣሁ።»

ዘሩ ገንቦውን ከጀርባዋ ተቀበለና ጉልበቷን ሳመ። አምሳል ቀና ብላ የማዳበሪያውን ድንኳን አየች። ዕድሜዋን በሙሉ ባየችው ድንኳን ሁሉ ማን የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። እዚህ ሸማኔው ከሾፌሩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ከነጋዴዋ ተቀላቅለው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ግራ ገባት።

«የኔ ልጅ» አለቻት እናኑን በቀስታ፣ «እኔ የት ነው የምቀመጥ?»

እናኑ አባቷን አሰበች። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ከድልድዩ ማዶ ይዞት ቆሞ እንደነበር አሰበች። ጉሮሮዋ ላይ የመጣ መራራ መልስ ነበር፤ ዋጠችው።

«የፈለጉት ቦታ፣ እማዬ» አለቻት። «እዚህ የተለየ ቦታ የለም።»